የፓርቲዎች አቋም ሲገለባበጥ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የአሜሪካ ፓርቲዎች ስለ መንግሥት ወጪና ሥልጣን ያላቸው አቋም እንዴት እንደተቀያየረ በትርፍ ሰዓቴ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በዚህ ሳምንት የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ዘመን አንብቤ ተገላገልኩ። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያው ብዙ አያስቸግርም። ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን የማዕከላዊ መንግሥት ሥልጣን ይጥበብ ባይ ነበር። በ1803 ግን ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድልኝ ይሆን እያለ እየተጠራጠረ ሉዊዚያና የተባለውን ሰፊ ግዛት ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ጠንካራ ማዕከል ይሹ የነበሩት ፌዴራሊስቶች ደግሞ ከሥልጣን ርቀው በ1814 ሃርትፎርድ ላይ ሲሰበሰቡ ስለ ክፍለ ግዛቶች መብት ተከራከሩ።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን የምንከራከር ጓደኞቼ እዚህ ጋ «በቃ፣ ወንበር ሁሉንም ይቀይራል» ብለው ይዘጉታል። እኔ አይዋጥልኝም። የሰነፍ መልስ ነው።

ያንገላታኝ 1932 ነው። የዚያ ዓመት የዴሞክራቶች የምርጫ ሰነድ የፌዴራል ወጪ ቢያንስ በ25 በመቶ ይቀነስ ይላል። ሥልጣን ላይ የነበረውን ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ሁቨርን በአባካኝነት የከሰሱት እነሱ ናቸው! ከዚያ ሩዝቬልት ተመረጠና የኒው ዲል፣ ማለትም የወደቀውን ኢኮኖሚ ለማንሳት ያወጣቸው ፕሮግራሞች፣ ገንዘብ ጎረፈ። ዋሸ እንዳልል፣ በመጋቢት 1933 የመንግሥት ሠራተኞችን ደሞዝና የቀድሞ ወታደሮችን ጡረታ የሚቆርጥ ሕግ ፈርሟል። ለሥራ አጦች እርዳታ ያፈሰሰውም በዚያው ዓመት ነው። ራሴን አዞረኝ።

የፈታልኝ ነገር በጀቱን ለሁለት መክፈሉ ነው። መደበኛውን ይቆርጣል፣ የአስቸኳይ ጊዜውን ያሰፋል። በእርሱ ዓይን ቃሉን አላጠፈም። በ1937 እንዲያውም ወደ ቁጠባ ተመልሶ ነበር፤ ሌላም ምክንያት ተደርቦበት ኢኮኖሚው እንደገና ወደቀ።

አሁን ደብተሬ ላይ «ገንዘብ» (መንግሥት የሚያወጣው) እና «ጉልበት» (መንግሥት የማስገደድ ሥልጣኑ) የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉ። እነዚህን ሳይለዩ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። በ1850 «የክፍለ ግዛት መብት» ሲሉ የኖሩ የደቡብ ፖለቲከኞች ያመለጡ ባሪያዎችን የሚያስመልስ የፌዴራል ሕግ አስወጡ። እዚያ ላይ ነገሩ ወጪ ሳይሆን ጉልበት ነው።

«ፓርቲዎቹ ቦታ ተቀያየሩ» የሚሉ የዩቲዩብ ቪዲዮዎችን ተዉአቸው። ኔትወርክ ሲገኝ ዋናውን ሰነድ አውርዱና አንብቡ። የታሪፉን፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ፣ ክርክር ግን እኔ ራሴ እየዘለልኩት ነው፤ እንቅልፌን ያመጣዋል። በዚህ አትከተሉኝ።

ቀጥሎ ፕሬዚዳንት ሬገን ነው። በ1981 ችግሩ ራሱ መንግሥት ነው አለ፤ ሲወርድ የአገሪቱ ዕዳ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኗል። የመከላከያ ወጪን «ገንዘብ» ውስጥ ላስገባው ወይስ «ጉልበት» ውስጥ? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።