ከካሊ የመጡ ልጆቻችን፦ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ወጪውና መንገዱ

ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሾች ተሰብስበን የጉዲፈቻ ነገር ሲነሳ ሁለት መልስ አይጠፋም። «አገር ቤት እኮ ተዘግቷል» ይባላል፤ ቀጥሎ ደግሞ «ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጥሩ ቤተሰቦችን ገና ሳይጠይቁ ያስቀረ ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል። የቤት ዕዳ በየወሩ የምንከፍል ሰዎች ነን። ባለፈው ዓመት ከኮሎምቢያ፣ ካሊ ከምትባል ከተማ አንዲት ልጅና ታናሽ ወንድሟን ልጆቻችን አድርገን አመጣን። እንዴት እንዳደረግነው፣ በተለይ ገንዘቡን እንዴት እንደቻልነው ሳልሸሽግ እጽፋለሁ። በቤታችሁም በልባችሁም ቦታ ያላችሁ ሁሉ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ።

እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ኢትዮጵያን ነበር። ነገር ግን በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቆሟል፤ ያማከርነው ጠበቃም በዚያ በኩል ተስፋ እንዳናደርግ ነገረን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አዝነናል። ቢሆንም ምክንያቱን ማቃለል አልችልም። በ2010 ብቻ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የመጡት ልጆች ከ2,500 ይበልጡ ነበር። በዚያ ጥድፊያ መካከል እናትና አባታቸው በሕይወት እያሉ ወላጅ እንደሌላቸው የተጻፈባቸው ልጆች ነበሩ፤ ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል ብለው የፈረሙ ወላጆችም ነበሩ። በ2011 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ አንዲት ከኢትዮጵያ የመጣች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ እጅ ተሠቃይታ መሞቷ፣ እነሱም በ2013 ጥፋተኛ መባላቸው የስንቱን ልብ ሰብሯል። ይህን ማወቃችን አገር የምንመርጥበትን ጥያቄ ቀየረው። ልጅ ቶሎ የሚገኘው የት ነው ማለታችንን ትተን፣ ልጁ በእርግጥ የሚያሳድገው ዘመድ እንደሌለው ያጣራው ማነው ብለን መጠየቅ ጀመርን።

ያ ጥያቄ ወደ ሄግ ስምምነት አገሮች ወሰደን። በ1993 የተፈረመው ይህ በአገሮች መካከል ስለሚደረግ ጉዲፈቻ የሚደነግግ ስምምነት ልጁ መጀመሪያ በቤተሰቡ፣ ካልሆነ በአገሩ እንዲያድግ መሞከሩ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው ከኤፕሪል 2008 ጀምሮ ነው። መንገዱ ከቀድሞው ጠባብ ነው። በ2004 ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የመጡት ልጆች ወደ 23,000 ነበሩ፤ በ2023 ግን 1,300 እንኳ አልሞሉም። ቻይናም በ2024 በሯን ዘግታለች። አሁን ብዙ ልጆች ከሚመጡባቸው አገሮች ዋነኞቹ ሕንድና ኮሎምቢያ ናቸው።

ኮሎምቢያን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመራው አይሲቢኤፍ የሚባለው የመንግሥት የቤተሰብ ደኅንነት ተቋም ነው። ልጅን ለማስረከብ ገንዘብ መቀበል በ2006 በወጣው የልጆች ሕጋቸው ክልክል ነው። አሳዳጊ ቢያንስ 25 ዓመት የሞላውና ከልጁ 15 ዓመት የሚበልጥ መሆን አለበት። እዚያ ሕፃን ልጅ ለማግኘት የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፤ ቤተሰብ የሚያጡት ከፍ ያሉት፣ እህትና ወንድም ሆነው የተመዘገቡት፣ የጤና ክትትል የሚያስፈልጋቸው ናቸው። እኛም ፎርሙ ላይ «እህትና ወንድም፣ እስከ አሥር ዓመት» ብለን ሞላን። ውሳኔያችን ሁሉ ከዚያች መስመር ተነሣ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጠቅላላው ወጪያችን ለሁለቱም ልጆች 38 ሺህ ዶላር ገደማ ሆነ። ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን ማንም በአንድ ቀን አይጠይቃችሁም። ጉዲፈቻውን ላስፈጸመልን ኤጀንሲ ወደ 14 ሺህ ዶላር የከፈልነው በሦስት ጊዜ ነው፤ ስንመዘገብ፣ ዶሴው (የሰነዶቻችን ስብስብ) ወደ ኮሎምቢያ ሲላክና የሚሰጡን ልጆች እነማን እንደሆኑ ሲታወቅ። ሶሻል ወርከር ቤት ድረስ መጥታ የምታጠናው ሆም ስተዲ 3 ሺህ ገደማ ወሰደ። ኢሚግሬሽን ለመጀመሪያው ማመልከቻ 920 ዶላር ያስከፍላል፤ ልጆቹ እህትና ወንድም ከሆኑ ለሁለተኛው ልጅ አቤቱታ ተጨማሪ አይጠይቅም። ቪዛው ለእያንዳንዱ ልጅ 325 ዶላር ነው። ለኮሎምቢያው ጠበቃና ተወካይ ከ5 ሺህ በላይ፣ ለትርጉምና ለሰነድ ማረጋገጫ 2,500 አካባቢ ወጣ። የቀረው ሁሉ የጉዞ ነው። ለሁለት ሄዶ ለአራት መመለስ፣ ከአንድ ወር በላይ ቤት መከራየትና መብላት 11 ሺህ ደረሰ።

ከመፈረማችሁ በፊት የክፍያውን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። እውቅና ያለው ኤጀንሲ ክፍያውንና ግምቱን አስቀድሞ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጉዳዩ መንገድ ላይ ቢቋረጥ የትኛው ገንዘብ እንደሚመለስም ጠይቁ። መጀመሪያ ያነጋገርነው አንድ ኤጀንሲ ይህን ስንጠይቅ ሲያድበሰብስ ጊዜ ተሰናብተነው ወጣን፤ ሁለተኛው በሁለት ገጽ አስቀምጦ ሰጠን።

ገንዘቡ የመጣው ከእቁብ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ አሜሪካዊ አሳዳጊ ቤተሰብ የሌለው ነገር ስለሆነ ነው። እነሱ ከባንክ በወለድ ሲበደሩ፣ እኛ በየወሩ የምንጥለው የእቁብ ገንዘብ ነበረን። ዳኛው ነገሩን ሲሰማ ዕጣችን ከዶሴው ክፍያ ጋር እንዲገጥም አባላቱን አስማማልን። ሁለተኛው እጣ ለጉዞው ዋለ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ያለ ወለድ አበደረን። ወለድ የሚባል ነገር ሳንከፍል ጨረስን። ለጉዲፈቻ ግራንት (የማይመለስ ድጋፍ) የሚሰጡ ድርጅቶች እንዳሉም እወቁ፤ ብዙዎቹ ሆም ስተዲው ካለቀ በኋላ ነው ማመልከቻ የሚቀበሉት። መሥሪያ ቤታችሁም የጉዲፈቻ ድጋፍ እንዳለው የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ፤ የእኔ ሆስፒታል እንደሚሰጥ ያወቅሁት በመጠየቄ ነው።

ለኢትዮጵያውያን የሚበረታው ወረቀቱ ነው። የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት አገር ቤት ከወሳኝ ኩነት ማውጣት፣ ሰነዶች ማረጋገጫና ውጭ ጉዳይ ማስመታት፣ ከዚያ ወደ ስፓኒሽ ማስተርጎም አለ። የአሜሪካኑ ሰነድ በግዛቱ አፖስቲል (በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ በሚሰጥ ማረጋገጫ) ሲያልቅ፣ የአገር ቤቱ ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ጀምሩ። የባለቤቴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ የልደት ቀን ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም ነበር፤ ጠበቃችን በቃለ መሐላ አስተካከለው። የባልና የሚስት የአባት ስም ለምን እንደሚለያይም በደብዳቤ አስረዳን። ዘመድ በውክልና የሚያስጨርስላችሁ ከሆነ ውክልናውን በጊዜ ላኩ።

ሆም ስተዲው ላይ ብዙ ሐበሻ የሚፈራው የባንክ ሒሳቡን ነው። እኛን ረጅም ጊዜ የወሰደብን ግን ስለ ቅጣት የተነሳው ጥያቄ ነው። «እናንተ ልጆች ሳላችሁ ስታጠፉ ምን ትደረጉ ነበር?» አለችን ሶሻል ወርከሯ። ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ አርጩሜ፤ የሆነውን ነገርናት። ልጆቹ ላይ እጅ እንደማናነሣ ፈረምን፤ የግዴታው የአሥር ሰዓት ሥልጠናም ምክንያቱን አስረዳን። ተመትቶና ተጥሎ የነበረ ልጅ ሲመታ የሚሰማው መልእክት «ተመልሼ ልጣል ነው» የሚል ነው። በወላጅነቴ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ይህን ለመቀበል የማይችል ሰው በጉዲፈቻ ልጅ ባይወስድ ይሻላል እላለሁ፤ አጠንክሬ ነው የምለው።

ልጆቹን ያገኘናቸው ካሊ ከተማ፣ በአይሲቢኤፍ ቢሮ ነው። አስቀድመን በስፓኒሽ የተጻፈ አልበም ልከን ስለነበር ቤታችንን፣ የባለቤቴን መኪና፣ አያታቸውን ሳይቀር በስም ያውቁ ነበር። ወንድየው ወዲያው ባለቤቴ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። ሴቷ ግን ዓመታት ያሳደገቻቸውን ሞግዚት እናት አንገት ይዛ አለቀሰች። ያንን ልቅሶ ለማስቆም አልሞከርንም። የሚወዳትን ሰው ትታ የምትመጣ ልጅ ብታለቅስ እንዴት ይደንቃል? ከዚያች ሴትዮ የምግብ አሠራር፣ የመኝታ ሰዓት፣ የሚፈሩትን ነገር ሁሉ ጠይቄ ጻፍኩ፤ ከሁሉ ሰነዶቻችን በላይ የጠቀመን ያ ደብተር ነው።

ከዚያ የቤተሰብ ዳኛው ውሳኔ፣ አዲስ የልደት ምዝገባ፣ የኮሎምቢያ ፓስፖርት፣ የሐኪም ምርመራ፣ በመጨረሻም ቦጎታ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ። ቦጎታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ላይ ነው። የካሊን ሙቀት የለመዱት ልጆች ሲንቀጠቀጡ እኛ አዲስ አበባ የደረስን መሰለን፤ አሂያኮ የሚሉትን የዶሮና የድንች ሾርባ እየበላን ቪዛውን ጠበቅን። አሜሪካ ሲገቡ ወዲያው ዜጋ ሆኑ፤ የዜግነት ሰርተፊኬታቸው በፖስታ መጣ።

ስለ ግብር ሳልነግራችሁ ብቀር ትልቁን ነገር አስቀርቼባችኋለሁ። የፌዴራል መንግሥት የጉዲፈቻ ታክስ ክሬዲት ለ2025 በአንድ ልጅ እስከ 17,280 ዶላር ነው፤ ለሁለት ልጅ ሁለት ጊዜ ይታሰባል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በአንድ ልጅ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርሰው ግብር ባይኖርባችሁም በጥሬው ይመለሳል። የተረፈው ከምትከፍሉት ግብር ይቀነሳል፤ ካልተጨረሰ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ይተላለፋል። ለ2025 ሙሉውን ለማግኘት የቤተሰቡ ገቢ ከ259,190 ዶላር መብለጥ የለበትም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከሆነ ክሬዲቱ የሚጠየቀው ጉዲፈቻው በተጠናቀቀበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ያወጣችሁትም አብሮ ይታሰባል። ደረሰኝ በሙሉ፣ የሆቴልና የአውሮፕላኑን ጭምር፣ አስቀምጡ። መሥሪያ ቤት የከፈለላችሁን ወጪ ግን ድጋሚ ማስላት አይቻልም። እኛ ከመጀመሪያው ተመላሽ የአክስቱን ልጅ ዕዳ ከፍለን ጨረስን።

ብዙ ሰው የማያስበው ወጪ ከመጡ በኋላ ያለው ነው። የአሜሪካ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ መስፈርቱን ለምታሟሉ ሠራተኞች ለጉዲፈቻ 12 ሳምንት ሥራን ይጠብቅላችኋል፤ ደሞዝ ግን አይከፍልም። የባለቤቴ መኪና ቆመ ማለት ገቢው ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ከጉዞው ገንዘብ ለይተን የሦስት ወር የቤት ወጪ አስቀምጠን ነበር፤ ባናስቀምጥ ኖሮ ባለቤቴ በሳምንቱ መንገድ ይወጣ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ከእሱ ሌላ ሰው አያስተኛውም ነበር። ጉዳት ያለፈባቸውን ልጆች የምታውቅ ቴራፒስት፣ የጥርስ ሕክምና፣ የንባብ አስጠኚ፤ ለእነዚህ በወር በወር የሚወጣውን ከአሁኑ አስሉት። ልጅቷ ዳቦ ትራስ ሥር ትደብቅ ነበር። ቴራፒስቷ በመከረችን መሠረት ሁልጊዜ የማይዘጋ የምግብ መሳቢያ ሰጠናት፤ ከወራት በኋላ ድብቆሹ ቀረ። አይሲቢኤፍም ለሁለት ዓመት በየስድስት ወሩ የክትትል ሪፖርት ይጠብቃል፤ እሱም ክፍያ አለው።

እናቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ የጠየቀችኝ «የማን ዘር ናቸው?» ብላ ነው። አልተቆጣሁም። እሷም ራሷ የጎረቤት ልጅ ሁለት አሳድጋ ድራለች። «እማዬ፣ አንቺ አልማዝን ስታሳድጊ ዘሯን ጠይቀሻል?» አልኳት። ዝም አለች፤ በማግሥቱ ለልጆቹ ነጠላ በምን እንደምትልክ ጠየቀችኝ። የሐበሻ ልጅ ስላልሆኑ ቋንቋችን ይጠፋል የሚሉም አሉ። ቤታችን ውስጥ ስፓኒሽ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ይነገራል። ስፓኒሹን ሆን ብለን እንጠብቅላቸዋለን፤ ከሞግዚት እናታቸው ጋር የሚነጋገሩበት እሱ ነውና። ሰው አገር መጥቶ ቋንቋውን ማጣት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ስደተኛ ወላጅ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ብዙ የሚሰጠው አለው የምለው ለዚህ ነው።

38 ሺህ ዶላር በምንም መንገድ የማይሆንላችሁ ከሆነ ደግሞ እዚሁ በየካውንቲው በፎስተር ኬር (በመንግሥት ኃላፊነት በጊዜያዊ አሳዳጊዎች እጅ) ያሉ፣ ቤተሰብ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ በዚያ በኩል ጉዲፈቻ ከሞላ ጎደል ወጪ የለውም። እኛም መጀመሪያ የካውንቲውን ስብሰባ ተሳትፈን ነበር።

ዘንድሮ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ባልና ሚስት ሆም ስተዲ ጀምረዋል። የሁለት ገጹን የክፍያ ዝርዝራችንን፣ የስፓኒሽ ተርጓሚዋን ስልክና የአልበሙን ቅጂ ሰጥተናቸዋል። የእቁቡ ዳኛም የእነሱ ዕጣ ዶሴው በሚላክበት ወር እንዲሆን ከአሁኑ እየተነጋገረ ነው።