ፋራ እንዳልባል የገባሁበት ኦፔራ

መጀመሪያ ኦፔራ፣ ማለትም ታሪኩ በዘፈን የሚተረክበት ቴያትር፣ ያየሁት ፋራ እንዳልባል ብዬ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትርፍ ትኬት ይዞ መጣ፤ እምቢ ማለት አፈርኩ። ሱፌን ግጥም አድርጌ ሄድኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስባንን አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ያለቀ መስሎኝ አጨበጨብኩ፤ ብቻዬን። ለካ ዘፋኟ ትንፋሽ እየወሰደች ነው! ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ቀስ ብለው ዞሩና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ ኦፔራ በተነሳ ቁጥር "የጉረኞች ጩኸት" እያልኩ ሳላግጥ ከረምኩ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ተራ ጥያቄ ናት። አንድ ቀን ስልኬ ላይ የኦፔራ ቪዲዮ አየሁና "ቆይ፣ ማይኩ የታለ?" አልኩ። ማይክ የለም። ስልሳ ሰባ ሙዚቀኛ እየተጫወተ፣ አንድ ሰው በባዶ ጉሮሮው እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። እንዴት ይሆናል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የኦርኬስትራ ድምፅ የሚበረታው 500 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል) አካባቢ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ ይሄዳል። የሠለጠነ ድምፃዊ፣ በተለይ ወንዱ፣ ጉሮሮውን ቃኝቶ 3,000 ኸርዝ አካባቢ የሚያቃጭል ድምፅ ያወጣል። ጆሯችን ደግሞ እዚያ ላይ ንቁ ነው። ኦርኬስትራውን በጩኸት አይበልጠውም፤ ክፍተት ፈልጎ ሾልኮ ያልፋል እንጂ። ይህን ካወቅኩ በኋላ "ጩኸት" ማለት ከበደኝ።

ጉራውም ቢሆን ከኦፔራው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ትኬት ለገዛ ሁሉ በሩን የከፈተው የመጀመሪያው የኦፔራ ቤት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1637 ቬኒስ ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን ታዳሚ እየበላና እያወራ ነበር የሚያየው። እዚያ ብገኝ ኖሮ የእኔን ጭብጨባ ማን ልብ ይለው ነበር?

እናም ዘዴ ቀየርኩ። ታሪኩን ሳላነብ ኦፔራ አላይም አልኩ። የጀመርኩት በጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ በፑቺኒ "ላ ቦሄም" ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ቱሪን ላይ የታየ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ። ባላባትና ቤተ መንግሥት ስጠብቅ፣ የቤት ኪራይ ያልከፈሉ አራት ወጣቶች ጠበቁኝ። ብርዱ ሲጠናባቸው አንዱ የጻፈውን ድራማ ምድጃ ውስጥ ከትቶ ያነደዋል።

መጨረሻ ላይ የዚህ ድራማ ጸሐፊ ፍቅረኛ ሚሚ በሳንባ በሽታ ልትሞት ስታጣጥር፣ ከአራቱ አንዱ፣ ኮሊኔ የሚባለው ፈላስፋ ገንዘብ ለማግኘት ኮቱን ሊያስይዝ ይነሳል። ከመውጣቱ በፊት ለኮቱ ይዘፍንለታል። ለአሮጌ ኮት! ለሀብታምና ለባለሥልጣን ጀርባህ ጎብጦ አያውቅም እያለ ያመሰግነዋል። ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው። ያቺን ሁለት ደቂቃ ሳምንቱን ሙሉ፣ ዕቃ ሳጥብም መንገድ ስሄድም ሰማኋት። ለእኔ የሠራልኝ ይሄ ነው፤ ሙሉውን ከመጋት አንዲት ቁራጭ እስክትዋሃደኝ መደጋገም።

ሁሉም ገባኝ እያልኩ አይደለም። ጀርመናዊውን የኦፔራ ደራሲ ዋግነርን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተኝቻለሁ። አንዳንዱ ሥራው ከአራት ሰዓት በላይ ነው። አልዋሽም፣ ለእኔ አይሆንም።

"ላ ቦሄምን" በአካል ላይ የሄድኩት በጂንስ ነው። ከላይ ጥግ ያለውን ርካሽ ወንበር ያዝኩ፤ ድምፁ እዚያ ግሩም ነው። ጣሊያንኛ አልችልም፤ ትርጉሙ ከመድረኩ በላይ ተጽፎ ስለሚታይ አልተቸገርኩም። ሚሚ ስትሞት ጓደኞቹ ሁሉ አውቀዋል፤ ፍቅረኛዋ ብቻ አላወቀም። ፊታቸውን አይቶ ነው የገባው። ስሟን ጠርቶ ጮኸ፣ መጋረጃው ወረደ።

አሁን መቼ እንደሚጨበጨብ አውቃለሁ። እጄ ግን ፊቴን እየጠረገ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ምንም ሳይሉ ሶፍት አቀበሉኝ።