ፈተናው ላይ የሌለው 11 ዓመት

ቅዳሜ ማለዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳን፤ እኔ፣ የአክስቴ ልጅና አንድ ፔርሙዝ ቡና። የአሜሪካ ዜግነት ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። መንገዱን ሙሉ ስጠይቀው ነበር።

«ነጻነት የታወጀው መቼ ነው?»

«ጁላይ 4፣ 1776።»

«ሕገ መንግሥቱስ?»

«1787።»

እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወርደዋል። «በመሃል ያለውን 11 ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?» አልኩት።

«እሱ ፈተናው ላይ የለም።»

ፊላዴልፊያ ስንደርስ በቀጥታ ኢንዲፔንደንስ ሆል ሄድን። ሁለቱም ሰነዶች የተፈረሙት እዚሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ትልቅ አዳራሽ ጠብቄ ነበር፤ የሰፈር እድር የሚሰበሰብበትን ቤት ቢያክል ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ የላባ ብዕሮች፣ ከፊት አንድ ከፍ ያለ ወንበር። በቃ።

የእንግሊዝና የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ጠብ መነሻ ዕዳ ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ ቆይታ በ1763 ስትጨርስ ካዝናዋ ተራቁቶ ነበር። ቅኝ ግዛቶቹ ያዋጡ ተባለ። በ1765 ለጋዜጣው፣ ለውሉ፣ ለመጫወቻ ካርታው ሳይቀር የቴምብር ቀረጥ መጣ። እነሱ ግን ለንደን ፓርላማ ውስጥ አንድም ወኪል የላቸውም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነጻ ወጡ እንጂ አንድ አገር አልሆኑም። በ1781 የጸናው የመጀመሪያው ውል ለኮንግረሱ ግብር የመጣል ሥልጣን አልሰጠውም። ገንዘብ ሲፈልግ 13ቱን ስቴቶች ይለምናል። ውሉን ለማሻሻል ደግሞ 13ቱም መስማማት አለባቸው፤ አንዱ እምቢ ካለ አለቀ። በ1786 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው ገበሬዎች ፍርድ ቤት መዝጋት ጀመሩ። ብዙዎቹ ለነጻነቱ የዘመቱ ናቸው። አመፁን የመታው ጦር ደመወዝ የመጣው ከቦስተን ነጋዴዎች ኪስ ነው! መንግሥት ተብዬው ምንም አልነበረውም።

በ1787 ውሉን እንጠግናለን ብለው 55 ሰዎች ከየስቴቱ እዚህ ክፍል መጡ። ሮድ አይላንድ ጭራሽ አልላከችም። ምስጢር እንዳይወጣ በዚያ ሙቀት መስኮት ዘግተው ተከራከሩ። ትልልቆቹ ወኪል በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ፤ ትንንሾቹ እኩል ካልሆነ ብለው ሊበተኑ ደረሱ። ሁለት ምክር ቤት፣ አንዱ በሕዝብ ብዛት፣ ሌላው እኩል ተባለና ተረፉ።

የአክስቴ ልጅ ዞር አለ። «ለካ ከየስቴቱ ሁለት ሴኔተር የሚባለው ለዚህ ነው!»

ሴፕቴምበር 17 ላይ 39ኙ ሕገ መንግሥቱን ፈረሙ። ያው ወረቀት ባሪያን ለወኪል ቆጠራ ከአምስት ሦስት እጅ ሰው አድርጎ ቆጥሮታል።

ከሕንጻው ትንሽ ራመድ ብሎ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆኖ የኖረበት ቤት መሠረት አለ፤ ከመስታወት በታች ይታያል። እዚያ ቤት ዘጠኝ ባሮች ነበሩት። በጊዜው የፔንሲልቫኒያ ሕግ ከሌላ ስቴት የመጣ ጌታ ባሪያ ስድስት ወር ከቆየ ነጻ መውጣት ይችል ነበር። ዋሽንግተን ስድስት ወሩ ሳይሞላ ከስቴቱ ያስወጣቸውና መልሶ ያመጣቸው ነበር።

«ሕጉን አሳምሮ ያውቀዋላ» አለ የአክስቴ ልጅ።

ኦና ጀጅ የምትባለው ወጣት ግን በ1796 ጌቶቿ እራት ሲበሉ ወጥታ ሄደች። ሰው ላኩባት፤ አልተመለሰችም።