ቀብድ የተከፈለበት ባሕር

ጁላይ ላይ በመርከብ አላስካ ለመሄድ ቀብድ ከፍለናል። «ታዲያ ትሄዳላችሁ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ቀብድ ከፍለናል። በዚህ በማርች 2022 ከዚህ አልፎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ካወቃችሁ ስልኩን ስጡኝ፣ እደውልለታለሁ።

ለምን ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ የሚደረግ የሽርሽር ጉዞ፣ እንደሆነ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አንዱ ምክንያት እማዬ ናት። ጉልበቷን ያማታል። ከሁሉ በላይ የምትጠላው ደግሞ በየሆቴሉ ሻንጣ መክፈትና መዝጋት ነው። መርከብ ላይ አንዴ ከተከፈተ ተከፈተ፤ ተኝታ ስትነሳ ሌላ ከተማ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። ለእሷ ዕረፍት ማለት ማንም ደውሎ «አንድ ሰው ቀርቷል፣ ሽፍት ትሸፍኚልን?» የማይልበት ቦታ ነው። ባሕር መሃል ስልክ አይሠራም፤ የመርከቡ ኢንተርኔትም ውድ ስለሆነ ላለመክፈል ሰበብ ይሆናል። ልጆቹ አይስክሬም ቀኑን ሙሉ በነፃ እንደሚሰጥ ሰምተዋል። ሌላውን አልጠየቁም።

መጀመሪያ የያዝነው ለ2020 ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ከባልቲሞር ተነስተን ባሃማስ። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር ወደብ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ስለሆነ የአውሮፕላን ጣጣ የለውም። ፌብሩዋሪ ላይ ግን ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባል የክሩዝ መርከብ ጃፓን፣ ዮኮሐማ ወደብ ላይ ተይዛ ቀረች። ውስጧ 3,711 ሰው ነበር፤ ከ700 በላይ የሚሆኑት በኮሮና ቫይረስ ተያዙ። እማዬ ዜናውን እያየች «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ነው የታሰሩት?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? በማርች መጀመሪያ ደግሞ ሌላዋ መርከብ ግራንድ ፕሪንሰስ ሳን ፍራንሲስኮ ደጃፍ ባሕር ላይ ስትንሳፈፍ ከርማ ኦክላንድ እንድትቆም ተፈቀደላት። ማርች 11 የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኙን ዓለም አቀፍ ብሎ ጠራው። በሦስተኛው ቀን ሲዲሲ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ መርከቦች ተሳፋሪ ይዘው እንዳይንቀሳቀሱ አዘዘ።

ያኔ ሁሉም የሚያወራው ስለ 30 ቀን ነበር። ከፋይ ተሳፋሪዎችን የያዘች የመጀመሪያዋ ትልቅ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ የወጣችው ጁን 26 ቀን 2021 ነው፤ ከፎርት ላውደርዴል፣ ሴለብሪቲ ኤጅ። አሥራ አምስት ወር ማለት ነው። በመሃሉ ገና ብዙ ዓመት ሊሠሩ የሚችሉ መርከቦች ቱርክ፣ አሊያጋ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ እየተነዱ ለብረት ተቆራርጠዋል። ፎቶውን ያየ ሰው፣ መዋኛ ገንዳው ከነሰማያዊ ቀለሙ ለሁለት ተሰንጥቆ ሲያይ፣ በቅርቡ ይህ ነገር ይነሳል ብሎ አያስብም ነበር።

እኛን ኩባንያው አስመረጠን። ወይ ገንዘባችሁን ውሰዱ፣ ወይ ለሌላ ጊዜ የሚሆን 125 በመቶ ክሬዲት እንስጣችሁ። እኔ ክሬዲቱ አጓጓኝ። ባለቤቴ «ኩባንያው ራሱ ባይኖርስ?» አለች፤ አከራካሪ አልነበረም። ገንዘቡ እስኪመለስ ግን ወራት ፈጀ። እየደወልኩ የሰማሁት የጥበቃ ሙዚቃ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ስሰማው ያናድደኛል።

ከዚያ ኦክቶበር 2021 ከዚያው ከባልቲሞር ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴና እማዬ። ልጆቹ ገና አልተከተቡም ነበርና እህቴ ጋ ቀሩ፤ እስካሁን ይህ በተነሳ ቁጥር ያኮርፉኛል። ባሃማስ በዚያ ሰሞን ከ12 ዓመት ጀምሮ ያልተከተበ ሰው የያዘ መርከብ አላስገባም ብላ ነበር። ተርሚናሉ በር ላይ መጀመሪያ የተጠየቅነው የክትባት ካርድ ነው። ቀጥሎ ከመሳፈሩ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የተደረገ የምርመራ ውጤት። ፓስፖርት መጨረሻ ላይ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ በየድንበሩ ፓስፖርቴን እንደ ታቦት አክብሬ ስይዝ ኖሬ፣ ያን ቀን ሰውየው ሽፋኑን እንኳ በደንብ አላየውም።

ምርመራውን ያደረግነው ሳሎናችን ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ከፍተን፣ አንዲት ሴትዮ በቪዲዮ እያየችን። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ቀረበች። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ «አፍንጫዎን ወደ ካሜራው» ስትል እኔ አስተረጉማለሁ። እማዬም «በአፍንጫዬ ምን ሊሠሩበት ነው?» ትላለች። ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ «ደስ ብሎኛል ብላለች» አልኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያቺን ትንሽ ካርድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዝም ብለን ስናፈጥባት ቆየን። አንድ መስመር ብቻ ወጣ፤ ተገላገልን።

መርከቡ ሞልቶ አልወጣም። ቡፌው ላይ ማንኪያ መንካት ክልክል ነው፤ ሠራተኞቹ ጭምብል አድርገው ከመስታወት ጀርባ ሆነው ይጨልፉልሃል። እማዬ ረቡዕና ዓርብ የህንድ ምስር አገኘች። «ቅመሙ ይለያል እንጂ ያው ምስር ወጥ ነው» ብላ መሰከረች። በእጇ «ጨምር» የሚለውን ምልክት ስትሠራ ጨላፊው ልጅ ሁለተኛ ቀን ላይ ለምዷት ሳትጠይቀው ያከማችላት ጀመር። ድሮ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ታጭቆ የሚያደርገው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ደግሞ በስልክ ሆኗል። ቪዲዮውን ታያለህ፣ የተመደብክበት ቦታ ሄደህ ራስህን ታስመዘግባለህ፣ በቃ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ይህ ባይቀር ደስ ይለኛል።

ያን ጊዜ ከባልቲሞር የሚወጣ መርከብ በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሥር ያልፍ ነበር። ድልድዩ ከውሃው 56 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ መርከብ እዚህ ወደብ አይገባም ነበር። ላይኛው ደርብ ላይ ቆሞ ለሚያይ ጭስ ማውጫው ድልድዩን የሚገጨው ይመስል ነበር። ሁሉም ሰው ጎንበስ አለ። እማዬም ጎንበስ አለች፤ ከዚያ አማተበች።

አራተኛው ቀን ማታ ከክፍላችን ስንወጣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ ሁለት ሠራተኞች አንድ በር ላይ ቆመው አየን። ባለቤቴ ልብሱን አይታ ቀረት አለች። ሆስፒታል የምታየው ነው። ማንም ምንም አልተናገረም፤ በማግስቱ በሩ ዝግ ነበር፣ ምግብ በትሪ ውጭ ይቀመጣል። የባሃማስ ዋና ከተማ ናሶ ወርደን ገበያውን እያየን እንኳ ባለቤቴ የምታወራው ስለዚያ በር ነበር። «መስኮት አለው ወይ?» ትላለች። «ያ ክፍል መስኮት አለው?»

የአላስካውን እቅድ ስናወጣ መጀመሪያ የተወሰነው ነገር ከዚያ የመጣ ነው፤ በረንዳ ያለው ክፍል። ዋጋው ከመስኮት አልባው ክፍል እጅግ ይለያል፤ እኔ ለመኝታ ብቻ ለሚሆን ክፍል ይህን ያህል አላወጣም ባይ ነኝ። ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ መስኮት የሌላቸው ክፍሎች ውስጥ የነበሩት ግን ተራ እየጠበቁ ለጥቂት ጊዜ ደርብ ላይ አየር እንዲወስዱ ሲወጡ ነበር። እማዬ ብትያዝና ክፍል ዘግታ ሰንብቺ ብትባል ቢያንስ ሰማይ ትይ። ከፈልን።

ሁለተኛው ነገር ቀኑ ነው። እዚህ ላይ አየር ሁኔታና የቲኬት ዋጋ ብቻ የሚያይ ሰው ይቀለዋል። ዘንድሮ ፋሲካ ኤፕሪል 24 ነው፤ ስለዚህ የሰኔ ጾም ጁን 13 ይገባል፣ ሐምሌ 5 ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል። ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይያዛል። «ፍልሰታን ባሕር ላይ አልጾምም፣ ቅዳሴ ወዴት ነው?» ብላለች እማዬ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ የምትጠይቀው ከወራት በፊት ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት መዘጋት አለበት። ይህ ሁሉ ሲደራረብ የቀረን ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መግቢያ ያለው ጊዜ ነው። እሑድ ጁላይ 17 የሚነሳ አገኘን።

ሦስተኛው ከየት እንነሳ የሚለው ነው። አላስካ በክሩዝ የሚሄድ ሰው ወይ ከሲያትል ወይ ከቫንኩቨር ይነሳል። ቫንኩቨር ውብ ነው ይላሉ። ግን ከካናዳ ወደ አሜሪካ በአውሮፕላን ለመመለስ በዚህ በማርች 2022 በአንድ ቀን ውስጥ የተደረገ የኮሮና ምርመራ ይጠየቃል። አምስት ሰው ሆነን ከመካከላችን አንዱ ቢገኝበት፣ ማን ከማን ጋር ይቀራል? ሲያትል ተነስቶ ሲያትል የሚመለስ መርከብ ላይ ያ ጣጣ የለም።

ካናዳን ግን ፈጽሞ መዝለል አይቻልም። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኛ ጭኖ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ብቻ እንዳይመላለስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የቤርሙዳ ባንዲራ ነው የያዙት። ስለዚህ የሲያትሎቹ አንድ ምሽት የካናዳዋ ከተማ ቪክቶሪያ ብቅ ብለው ይመለሳሉ። ካናዳ ወደቦቿን በዘጋች ጊዜ የአላስካ ጉዞ በዚህች አንዲት ፌርማታ ምክንያት ታንቆ ቀረ። በ2019 ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የክሩዝ ተጓዥ ያስተናገዱት የአላስካ የወደብ ከተሞች በ2020 ትልልቆቹን መርከቦች ሳያዩ ከረሙ። በሜይ 2021 ኮንግረሱ ለጊዜው የሚሠራ ልዩ ሕግ አውጥቶ ነው በዚያው በጋ የተንቀሳቀሱት። ዘንድሮ፣ በ2022፣ ካናዳ ከፍታለች፤ አራይቭካን የሚባለውን የመግቢያ ቅጽ መሙላት ግን ግድ ነው። እማዬ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ነው የምትጓዘው፣ ቪዛ አያስፈልጋትም። ፓስፖርቷ ግን ሊያልፍበት ስለሆነ ማሳደሱን ጀምረናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚህ ዘመን ክሩዝ የሚያቅድ ሰው ከሚነሳበት ቀን ይልቅ ሙሉ ክፍያ የሚከፍልበትን ቀን ይያዝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በእጅህ ያለው ቀብድ ነው፤ የኛው ይመለሳል። (ሁሉም አይመለስም። ርካሽ ብለው የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ የማይመለሰውን ነው።) ከመነሻው 90 ቀን ገደማ ሲቀረው ግን ቀሪውን ክፈል ይሉሃል። ከዚያ በኋላ ሐሳብህን ብትቀይር ቅጣቱ በየሳምንቱ እያደገ ሄዶ መጨረሻ ላይ ሙሉውን ይበላሃል። አንዳንድ ኩባንያዎች በወረርሽኙ ምክንያት እስከ መነሻው ዋዜማ ድረስ ሰርዙ ብለዋል፤ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በክሬዲት ነው። ትንንሹን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

ኢንሹራንሱም እንዲሁ ነው። ተራው ኢንሹራንስ ብትታመም ይሸፍንሃል፣ ብትፈራ አይሸፍንህም። በፈለግከው ምክንያት መሰረዝ የሚያስችለው ዓይነት ዋጋው ይወደዳል፤ የሚመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ደግሞ ቀብድ ከከፈልክ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልገዛኸው አይሸጡልህም። ለእማዬ ሕክምናን የሚሸፍን ለብቻው ገዛን። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ መርከብ ላይ የሚሠራው መርከቡ የአሜሪካ የባሕር ክልል ውስጥ ሆኖ፣ ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ እስካለ ድረስ ነው። አንድ ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እና ሰባተኛው ሰዓት ላይ የታመመ ሰው ምን ይሁን?» አሉ። ለዚያ ነው የተገዛው።

ለነገሩ ቀብዱን ራሱን ለመክፈል ጊዜ ወስዶብናል። ዲሴምበር 30 ሲዲሲ የተከተበም ሰው ቢሆን ክሩዝ ይቅርበት ብሎ ማስጠንቀቂያውን ወደ መጨረሻው እርከን፣ ወደ 4 ከፍ አደረገው። ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ዝርያ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በር ላይ ቁጭ የምትልባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ስለ አላስካ የሚያነሳ አልነበረም። ጃንዋሪ 15 መርከቦቹን ሲያስገድድ የቆየው ትእዛዝ ጊዜው አልቆ ምክር ብቻ ሆነ። ፌብሩዋሪ 15 ማስጠንቀቂያው ወደ 3 ወረደ። በዚያው ሳምንት ማታ ባለቤቴ ራሷ ላፕቶፑን ከፍታ «ጁኖ ስንት ሰዓት ነው የሚቆመው?» አለችኝ፤ መርከቡ ከሚቆምባቸው የአላስካ ከተሞች አንዷን ማለቷ ነው። የሆስፒታሉን ሁኔታ ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ ስለሆነች አልተከራከርኩም። ጁኖ፣ ስካግዌይ፣ ኬቺካን፣ ከዚያ ግሌሸር ቤይ። በበረዶ ግግሮቹ የሚታወቀው ግሌሸር ቤይ በቀን ከሁለት ትልልቅ የክሩዝ መርከብ በላይ አይገባም፤ ያንን የያዘ ጉዞ ስናገኝ ነው ካርዱ የወጣው።

ሙሉ ክፍያው የሚጠየቀው ኤፕሪል 18 ነው። ቀን መቁጠሪያ ላይ ሳየው የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ሆኖ ተገኘ። እማዬ «ከስግደት ስትመለስ ትከፍላለህ፣ ምን ችግር አለው» ብላለች። ባለቤቴ ያን ሰሞን የሆስፒታላቸውን አልጋ አይታ ትወስናለች፤ ቁጥሩ ከከፋ ቀብዱን ተቀብለን ለከርሞ እንይዛለን። የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚቀየር ዓይነት ቆርጠናል፤ ቅዳሜ፣ መርከቡ ከመነሳቱ አንድ ቀን ቀደም ብለን ሲያትል እንገባለን። እዚያ ያለችው የአክስቴ ልጅ መርከቡ ኖረም አልኖረም ኑ፣ ቅዳሜ ማታ ክትፎ አለ ብላለች። ጾሙ በተፈታ ሳምንት ስለሆነ እማዬ የእሷ ለብለብ እንዲሆን ከወዲሁ ደውላ አሳስባለች።