በሰሜን ባሕር

ሰኔ 9፣ ማታ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው። እንቅልፍ እንደማይመጣ ሳውቀው የሶላር መብራቷን አስጠግቼ ደብተሬን አወጣሁ።

ዛሬ ከሰዓት አባዬ የመሬቱን ደብተር አውጥቶ "እስቲ አንብብልኝ" አለኝ። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሳጥን ውስጥ ከክት ልብሱ ሥር ነው የሚያኖረው። የተጻፈውን በቃሉ ያውቀዋል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ግን በሰው አፍ ሲነበብ ካልሰማ ልቡ አያርፍም። አዋሳኞች የሚለው ጋ ስደርስ ጣቱን አነሳ። በምሥራቅ የአጎቴ ማሳ። በምዕራብ መንገድ። በደቡብ የወል ግጦሽ። በሰሜን ባሕር።

"እሱ ብቻ ነው ሳይፈርም የቀረ" አለና ለብቻው ሳቀ።

ደብተሩ ከተሰጠን ጀምሮ ይችን ቀልድ በመጣሁ ቁጥር እሰማታለሁ። ልኬቱ የተካሄደ ቀን ጎረቤት ሁሉ ድንበሩ ላይ ቆሞ "አዎ፣ እስከዚህ የእሱ ነው" ብሎ አምኗል። ባሕሩን የጠየቀው የለም። እኔም እንደ ልማዴ ሳቅሁ፤ ማታ ብቻዬን ስሆን ግን የዚህ ዳርቻ ታሪክ በሙሉ እዚያች አንዲት መስመር ላይ ያለ መሰለኝ። የማይፈርም፣ ቦታውን የሚለዋውጥ ጎረቤት አለን። ስለ እሱ ሲዋዋሉ የኖሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው።

"ባሕር" የምለው ተሳስቼ አይደለም። እዚህ ሰው "ሐይቅ" ሲል አልሰማሁም፤ ሐይቅ የትምህርት ቤት ቃል ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን "ጣና ሐይቅ ነው፣ ባሕር ጨው አለው" ሲለን ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት። "እንግዲያ ከተማውን ሐይቅ ዳር በሉት!" አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

ትናንት የመጣሁበትን መንገድ ላስበው። ከባሕር ዳር ከተማ ተነስቼ ወደዚህኛው የባሕር ዳር ለመድረስ፣ መጀመሪያ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ መሄድ አለብኝ። በመራዊና በወተት ዓባይ አድርጎ እስከ ዱርቤቴ የአዲስ አበባው አስፋልት ነው፤ ከዱርቤቴ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ሊበን፣ ከዚያ ወደ ቁንዝላ። እማዬ በሕይወት ሳለች እንዲህ አትዞርም ነበር። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የምትመላለሰውን የሳምንት መርከብ ጠብቃ፣ ሁለት ዶሮና አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ከቁንዝላ ትሳፈራለች። ደቅን ነክታ፣ ዘጌን ነክታ ትደርሳለች። ለእሷ ባሕር ዳር ማዶ ያለ ሰፈር ነበር፤ ለእኔ የአንድ ቀን መንገድ ሆነ።

ወተት ዓባይ ላይ ግልገል ዓባይን ስንሻገር በመስኮት አየሁት። ስሙ ወተት፣ መልኩ ሻይ። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ጠበሉ ተነስቶ ሲወርድ የደጋውን አፈር ሁሉ ይዞት ይመጣል፤ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ይዘረግፈዋል። ከአፉ ላይ ደለሉ እንደ ምላስ ወደ ውኃው እየገባ በየጊዜው ይረዝማል። ሰከላ ላይ የጠፋ መሬት እኛ ዘንድ ይበቅላል ማለት ነው፤ ለማን ተመዝግቦ እንደሚበቅል ግን እግዜር ይወቅ። አቸፈር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ሳይከፈል በፊት ጀምሮ በምሥራቅ ያለው ድንበሩ ይኸው ወንዝ ነው፤ በሰሜን ባሕሩ። ከአራቱ አዋሳኝ ሁለቱ ውኃ የሆነ ወረዳ።

ዓባይ ባሕሩን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ሳይቀላቀል ያልፋል፤ አያቴ እንዲህ ነበር የምትለው። በድሮ ጊዜ የመጡ ፈረንጆችም ይህንኑ ከሰው ሰምተው ጽፈዋል።

ጣና ከሩቅ ሲያዩት ጥልቅ ይመስላል እንጂ ምጣድ ነው። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ፣ ጥልቅ የተባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ምጣድ ትንሽ ሲያዘነብል ሊጡ እስከየት እንደሚሸሽ እንጀራ የጋገረ ያውቀዋል። ውኃው በመስከረም ይሞላል፤ ከዚያ እያነሰ ሄዶ በሰኔ ግድም ታች ይደርሳል። በደጉ ዘመን ልዩነቱ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ግን ያ ሜትር ተኩል ሜዳው ላይ ስንት ጥማድ መሬት ይገልጣል! ያንን መሬት "ባሕር ሸሽ" እንለዋለን። እርጥበቱ ሳይደርቅ ሽምብራ ወይ ጓያ ይጣልበታል። ደብተር ውስጥ አይገባም። የማን እንደሆነ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው፤ ሰፈሩ ሲጣላ ደግሞ ሽማግሌ።

1995 ዓ.ም.ን አስታውሰዋለሁ። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ በዚያ ላይ የጢስ ዓባይ ሁለተኛው የመብራት ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ እሱም ውኃ ይፈልጋል። ባሕሩ ሲሸሽ ሲሸሽ የማናውቀው መሬት ወጣ። አባዬ በሬዎቹን ይዞ፣ በአያቱም ዘመን ማረሻ ያልነካው ጭቃ ላይ ወረደ። እኔ ደስ ብሎኝ ከኋላው እየሮጥሁ የዛጎል ቅርፊት እለቅም ነበር። ባሕሩ የተሸነፈ መስሎኛል። መርከቧ ግን ለወራት ቀረች። እማዬ ቅቤዋን ይዛ ቁንዝላ ድረስ ሄዳ ተመለሰች፤ ያን ማታ አባዬን "አንተ አረስህ፣ እኔ መንገዴን አጣሁ" አለችው። ንግግሯ አሁን ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጨራ ጨራ ያወቅሁት። ዓባይ ከባሕሩ በሚወጣበት፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ በ1988 የተሠራ መዝጊያ አለ። ሲከፍቱት ይወርዳል፣ ሲዘጉት ይቆማል። የእኛ ሰሜናዊ ድንበር ቁልፍ እዚያ ነው ያለው። አባዬ ስነግረው አላመነኝም፤ "ባሕር በር አለው?" አለኝ። አለው እንጂ አባዬ።

ቁልፉንም ከእኛ በፊት የፈለጉት ብዙ ናቸው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይንና የጣናን ውኃ የሚገታ ሥራ አይሠራም ተብሏል። ዳንግላን የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር ሲባል ይስቃል። ነበር። ቺዝማን የሚባል ሻለቃ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 እዚያ ተቀምጦ፣ ባሕሩን ዞሮ፣ ደሴቶቹን አንድ በአንድ እየጎበኘ ካርታ አንስቷል። ዳንግላ ላይ ቆንስል የሚያስቀምጥ ሌላ ምን ነገር አለ? የሱዳንን ጥጥ የሚያጠጣው ውኃ ነው እንጂ የዳንግላ ቅቤ አይደለም። ያኔ አያቴ ልጅ ነበረች። ስለዚያ ሰው ስጠይቃት "ፈረንጅስ ሁልጊዜ ያልፋል" ነው ያለችኝ።

የባሕሩን ታሪክ ማንበብ ስጀምር ደግሞ ሁሉም ነገር ደሴት ላይ ሆነብኝ። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም አለ፤ ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። እኛስ? ዳር ላይ ያለነው ዳጉሳ እየዘራን የደወሉን ድምፅ ስንሰማ ኖርን። ለባሕሩ ቅርብ ሆነን የባሕር ሰዎች አይደለንም። እማዬ በወጥ ድስቷ ዓሣ አስገብታ አታውቅም፤ አምባዛ ሲያመጡላት ውጭ በተቀመጠ አሮጌ ብረት ድስት ነበር የምትቀቅለው፣ ያውም ለልጆች ብላ።

የባሕሩ ሰዎች ወይጦዎች ናቸው። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ ታንኳ ያስራሉ፤ ውኃ ጠጥታ ስትከብድ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጧታል፣ ስታረጅ ሌላ ያስራሉ። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አፋቸው አማርኛ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው። ወፍጮ ድንጋይ ከእጃቸው እንገዛ ነበር፣ በታንኳቸው እንሻገር ነበር፣ ከቤታቸው ግን ውኃ አንጠጣም ነበር። ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ። አብዛኞቹ መሬት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በማንም ደብተር ላይ "በዚህ በኩል ወይጦ" የሚል አዋሳኝ አላየሁም። ባሕሩን በደንብ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

ቁልፉ ሁለት የሆነው በ2002 ነው። ጣና በለስ በዚያ ዓመት ግንቦት ተመረቀ፣ 460 ሜጋ ዋት። ከቁንዝላ አካባቢ ውኃው ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ከመሬት በታች ይገባና፣ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን አዙሮ ወደ በለስ ወንዝ ይፈሳል። በለስ ደግሞ ቤንሻንጉል ደርሶ ዓባይን ያገኘዋል። አያቴ ብትኖር ደስ ይላት ነበር፤ ዓባይ አሁን በእርግጥ ከባሕሩ በሌላ በር ወጥቶ፣ ዞሮ ራሱን ይቀላቀላል።

ዝናቡ ጋብ ብሏል።

ሰኔ 10፣ ጠዋት።

አባዬ ሳይነጋ ቀስቅሶኝ ወደ ታች ወረድን። ማሳው ጫፍ ላይ በ1995 ያቆመው ጥቁር ድንጋይ አለ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከድንጋዩ እስከ ውኃው በእርምጃ ይለካል። በትሩን እየተደገፈ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሄደ፤ ጭቃው እግሩን ሲይዘው ይቆማል፣ ይነቅለዋል፣ ቁጥሩን አይስትም። ውኃው ጫማውን ሲነካው ዞሮ "አርባ ስድስት! ጻፍ" አለኝ።

ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። አምና አርባ አንድ ነበር። ባሕሩ ይሽሽ፣ ወይስ የአባዬ እርምጃ ይጠር፣ መለየት አልቻልኩም።