ጠዋት ጠዋት እምቢ ያለው ካሜራ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ኮምፒውተርና ታብሌት እንጠግናለን፣ ሶፍትዌር እንጭናለን። የሱቁን ባለቤት ጋሼ ነው የምለው። አንድ ጊዜ፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ አንድ የግል ክሊኒክ 6 ያገለገሉ ታብሌቶች አመጣልን። ለካርድ ክፍል ናቸው፤ ታካሚ ሲመዘገብ ፎቶ ሊያነሱባቸው። ዊንዶውሱ አርጅቶ ይንቀራፈፋል፣ ራማቸው 2 ጊጋ ብቻ ነው። በዊንዶውሱ ፋንታ ሊኑክስ ስንጭንባቸው ነፍስ ዘሩ። ካሜራው ብቻ አልሠራ አለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ታብሌቶቹ ውስጥ ያለው የኢንቴል አቶም ቺፕ ምስል የሚያቀናብር የራሱ ክፍል አለው። ያን ክፍል ከሊኑክስ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ አቶምአይኤስፒ ይባላል። ከርነል በሚባለው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ደግሞ ስቴጂንግ የሚባል ማኅደር አለ፤ ያላለቀ ድራይቨር የሚቀመጥበት። አቶምአይኤስፒ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ ገባ። በ2018 ተሰረዘ። በ2020 ተመለሰ። አጠገቡ የሚቀረውን ሥራ የሚዘረዝር ፋይል አለ። ከስቴጂንግ የመጣ ድራይቨር ሲጫን ከርነሉ ራሱ መዝገቡ ላይ ጥራቱ አይታወቅም፣ ተጠንቀቅ የሚል መልእክት ያወጣል።

የኛ ታብሌት ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ኮድ ከአንድ የቆየ የድራይቨሩ ቅጂ ነው የመጣው። ከዋናው ድራይቨር ጋር ገጣጠምኩት። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የሱቃችን ግድግዳ ስክሪኑ ላይ ሲታይ ብቻዬን ጮህኩ።

እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ኮዱ እንዳለ ለከርነሉ ሰዎች የሚላክ አይደለም። ልቤ ደግሞ መላኩን ፈልጓል፤ እንደኛ ያለ አሮጌ ታብሌት የያዘ ሰው ሌላ አገርም ይኖራል ብዬ። ስለዚህ ጽዳት ጀመርኩ።

ያላለቀ ኮድ ማጽዳት ከባዶ ከመጻፍ ይከብዳል። አንድ ቦታ ትንሽ ሜሞሪ ለመጠየቅ አንዱ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ሌላውን ይጠራል፣ ያኛው ሦስተኛውን። ሦስተኛው የሚሠራው ከርነሉ ድሮም ያለውን ፋንክሽን መጥራት ብቻ ነው። ሁለት መቶ መስመር የሚሆን፣ ማንም የማይደርስበት ኮድ አለ። መደዳውን እየቆረጥኩ ጣልኩት። ደስ ይል ነበር፤ ክረምት ያበቀለውን አረም ነቅሎ መሬቱን እንደማየት ነው።

ከዚያ ቼክፓችን አስኬድኩ። ቼክፓች የከርነሉ የራሱ መፈተሻ ነው፤ አጻጻፍህን አይቶ ስህተት ይለቅማል። የኛ ፋይል ላይ መዓት ነገር ለቀመ። ከመካከሉ አንዱ ኤምስሊፕ የሚለውን ትእዛዝ ይመለከታል። ኤምስሊፕ ማለት ይህን ያህል ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው። ቼክፓች ከ20 በታች ከሆነ ወደ 20 ሊረዝም ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ በምትኩ ዩስሊፕ ሬንጅ የሚባለው ትእዛዝ ቢሆን ይሻላል፣ እሱ ልክክ ያለ ነው። ኮዱ ሴንሰሩን ከከፈተ በኋላ 1 ሚሊ ሰከንድ ጠብቅ ይላል። ለወጥኩት። አንድ መስመር ናት፣ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀችም።

ሁሉንም በአንድ ኮሚት፣ ማለትም በአንድ የለውጥ ምዝገባ፣ አስገባሁት። ስሙን "ጽዳት" አልኩት። ሱቅ ውስጥ ካሜራውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ይሠራል። ታብሌቶቹን ለክሊኒኩ አስረከብን።

በሳምንቱ የካርድ ክፍሏ እትዬ ደወሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጠዋት ጠዋት እምቢ ይለኛል። ሁለተኛ ስነካው ይሠራል።"

"ቀስ ብለው ይንኩት እትዬ፣ ሲጣደፉ ይሆናል" አልኳቸው።

ይህን ያልኩበትን ቀን አልረሳውም። ሴትዮዋ በየቀኑ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ መስኮቷ ላይ ናቸው። ጋቢውን የተከናነበ ሰው ሁሉ በሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ካሜራውን ከኔ የበለጠ ከፍተው ዘግተውታል። እኔ ግን የጣታቸው ችግር አደረግሁት።

ጋሼ ስልኩን ሰምተዋል። ሻያቸውን እየጠጡ "አንተ ራስህ ጠዋት ከፍተህ አይተኸዋል?" አሉኝ።

አላየሁም። እኔ የማየው ከደቂቃ በፊት ዘግቼ መልሼ ስከፍተው ነው።

ያን ዕለት አንዱን ታብሌት ከክሊኒኩ አምጥቼ ሱቅ አሳደርኩት። ማታ ስክሪኑን ብቻ አጠፋሁ፤ እሳቸውም እንደዚያ ነው የሚያሳድሩት። በማግስቱ ገና በሩን እንደከፈትኩ ካሜራውን ነካሁ። ጥቁር። መዝገቡ ላይ ሲቀነስ 121 የሚል ቁጥር ወጣ። ሴንሰሩ ሲጠሩት አቤት አላለም ማለት ነው። ሁለተኛ ነካሁ፤ ሠራ።

አሁን የትኛው ለውጥ ነው ያበላሸው? ሥራው እዚህ ላይ ነው ያሰረኝ። ጊት ባይሴክት የሚባል ነገር አለ፤ ለውጦቹን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ ጥፋተኛውን ያወጣል። የኔ ለውጦች ግን አንድ ጉብታ ናቸው። የከርነሉ ደንብ አንድ ፓች (የሚላክ የኮድ ለውጥ) አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ ይላል። አውቀው ነበር። ለከርነሉ ስልከው ግን አስተካክላለሁ ብዬ አልፌዋለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ የራሴን ጽዳት በእጄ በታተንኩት። 34 ቁራጭ ወጣው። ከዚያ ባይሴክት ቢበዛ 6 ሙከራ ነው የሚፈልገው፤ ግን በየሙከራው መሃል ታብሌቱን አንድ ሰዓት ማሳረፍ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ምሳ ሲያስመጡ ለኔም ያስመጣሉ።

የተያዘችው ያቺ ግማሽ ደቂቃ ያልፈጀች መስመር ናት።

መጀመሪያ አላመንኩም። ኦምኒቪዥን የሚባለው ኩባንያ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከመጀመሪያው ንግግር በፊት 8192 የሰዓት ምት ይፈልጋሉ። የታብሌታችን ምት 19.2 ሜጋኸርዝ፣ በሰከንድ 19.2 ሚሊዮን ጊዜ፣ ነው። ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። 1 ሚሊ ሰከንድ ይተርፋል። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ኤሌክትሪኩ ነው። ምቱ የሚቆጠረው ቮልቴጁ ከሞላ በኋላ ነው፤ የኛ ታብሌት የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ሌሊቱን ባዶ ካደረ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል። ከደቂቃ በፊት ተከፍቶ ከሆነ ገና ቻርጅ ስላለበት ቶሎ ይሞላል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ንክኪ የሚሠራው። ለዚህ ነው እኔ ሱቅ ውስጥ ያላየሁት።

የድሮው የኮድ መስመርስ ለምን ይሠራ ነበር? ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የጫንነው ከርነል ከሴንሰሩ የተለየ የራሱ ምት አለው፤ በሰከንድ 250 ጊዜ ነው የሚመታው፤ አንዱ ምት 4 ሚሊ ሰከንድ ነው። ኤምስሊፕ የሚቆጥረው በዚህ ምት ነው። 1 ጠብቅ ሲባል ቢያንስ 4 ይጠብቃል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያልፋል። የመጀመሪያው ጸሐፊ 1 ብሎ ጻፈ፣ ማሽኑ 4 እና ከዚያ በላይ ሰጠው፣ ካሜራው ሠራ። ያቺ አስቀያሚ መስመር በአጋጣሚ ነበር የምትሠራው። በሰከንድ 1000 ጊዜ በሚመታ ከርነል ላይ ብትሆን ያኔውኑ ትወድቅ ነበር። እሱን ሠርቼ አየሁት፤ የድሮውን ኮድ ሳልነካ በ1000 ምት አስነሳሁ። ጠዋት፣ ሲቀነስ 121።

ስለዚህ የድሮውን መመለስ ብቻ መልስ አልሆነም። ስድስቱንም ታብሌት ሰብስቤ በየተራ ሞከርኳቸው። በ2 ሚሊ ሰከንድ አራቱ ወደቁ። በ3 አንዱ ወደቀ። በ4 ሁሉም አለፉ። 10 አደረግሁት፤ ፎቶ የሚነሳ ሰው 10 ሚሊ ሰከንድ አይታወቀውም። ከመስመሩ በላይ ለምን 10 እንደሆነ በሦስት መስመር ጻፍኩ። በየሴንሰር ድራይቨሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ቢኖር ስንት ሌሊት ይተርፍ ነበር!

ታብሌቶቹን ራሴ ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳቸው። እትዬን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ጣትዎ ምንም አላጠፋም አልኳቸው። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው። ለከርነሉ ፓች ሲላክ ችግሩን ያመለከተ ሰው ስም የሚገባበት መስመር አለ። ስምዎን ላስገባው አልኩ።

"የት ነው የሚገባው?"

"ከሊኑክስ ኮድ ጋር ተያይዞ የሚቀመጥ ማስታወሻ ላይ።"

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ካርድ ከሚጽፉበት ወረቀት ቆረጡና መታወቂያቸውን አውጥተው፣ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ገለበጡልኝ።

"ሁለት ኤስ ነው" አሉ። "ሁልጊዜ አንዱን ይተዉታል።"