ዓይን ሳያምም ሲጎዳ

የስኳር ሕመም ዓይንን ሲጎዳ አያምም። ዓይኑ አይቀላም፣ አያሳክክም፣ እንባም አይቋጥርም። በሬቲናው (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ስስ ሽፋን) ላይ ያሉት ደቃቅ የደም ሥሮች ፈሳሽና ደም እያንጠባጠቡ ሰውየው ጋዜጣውን ያለ ችግር ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ የምርመራውን ቀን ዓይኑ አይነግረውም፤ የሚወስኑለት ፍርሃቱ፣ ቤተሰቡና የሰፈሩ ወሬ ናቸው።

ከወሬው ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ «እገሌ ጨረር ተደረገለትና ታወረ» የሚለው ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ማየት ሲቸግረው ነው፤ ያኔ ሬቲናው ብዙ ተጎድቷል። ጨረር የሚባለው የሌዘር ሕክምና ደግሞ የቀረውን ያቆያል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። በሬቲናው ዳር ዳር በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ነጥቦች እየተተኮሱ፣ አዲስ የሚበቅሉት ስስ የደም ሥሮች እንዲከስሙ ይደረጋል። የማታና የጎን እይታ በዚህ ሳቢያ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ታካሚ «አበላሹኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ሌላውንም ያስቀራል። ከሕክምናው በፊት «ባልታከም ምን ይሆናል? ብታከምስ ምን ልጠብቅ?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ሌላው ስውር ነገር የስኳር መውረድ ፍርሃት ነው። ሌሊት ላብ አጥምቆት እየተንቀጠቀጠ የነቃ ሰው፣ በማግስቱ ኢንሱሊኑን በራሱ ሥልጣን ይቀንሳል። ቤተሰቡም «ከፍ ቢል ይሻላል» ይለዋል። ስንፍና አይደለም፤ ያን ሌሊት ላለመድገም ነው። ግን ወራት እንዲህ ሲያልፉ ዋጋውን ዓይን ይከፍላል። ፍርሃቱን የሚያስታግሰው ዝግጅት ነው፦ ስኳርና ውሃ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ዳግም መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ሲስተካከል ምግብ መቅመስ። መዋጥ ለማይችል ሰው በአፉ ምንም አይጨመርም፤ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰዳል። የኢንሱሊኑን መጠን ግን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ነው።

በለቅሶና በሰርግ ጉርሻ መመለስ ያሳፍራል፤ መርፌ ማውጣት ደግሞ ይብሳል። እዚህ ላይ ሕመምተኛውን ብቻውን ማሰለፍ ግፍ ነው። «እሱ በቃው» የሚል አንድ የቤት ሰው አብሮት ቢቀመጥ ብዙ ይቀልለታል። ጾምም ሲቃረብ መድኃኒቱንና ሰዓቱን ሳምንታት ቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር፣ የንስሐ አባትንም ማማከር ነው፤ ለታመመ ጾም እንደሚላላ አባቶች ያውቃሉ። ጠበልና ኢንሱሊን አይጣሉም። ኢንሱሊን አቁሞ ጠበል መግባት ግን፣ በተለይ ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን ለማያመርተው የዓይነት 1 ታካሚ፣ በቀናት ውስጥ ሕይወት ያሳጣል።

የዓይን ምርመራው ዓይነት 2 ላለበት ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ላለበት በ5 ዓመት ውስጥ ይጀመርና በአብዛኛው በየዓመቱ ይቀጥላል። ነፍሰ ጡር የሆነች የስኳር ታካሚ በእርግዝናዋ መጀመሪያ መታየት አለባት። መነጽር ቤት መለካት ይህን አይተካም። የዓይን ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ ለሰዓታት ቅርብ ያለው ይደበዝዛል፣ ብርሃንም ይወጋል። ብቻውን የመጣ ሰው መንገድ ላይ ይደናገጥና በዓመቱ ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ አጃቢና ጥቁር መነጽር ይያዝ፤ መኪናም አይነዳ።

በየእሑዱ ደግሞ መነጽር ያለው እንዳደረገ፣ አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኖ የመስኮቱን ፍሬም ያስተውል፤ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ ደህናው የታመመውን ይሸፍናል። መስመሩ ከተጣመመ ወይም መሐሉ ከደበዘዘ በዚያው ሳምንት መታየት ይገባል። ድንገት እንደ ጥላሸት የሚንሳፈፍ ነገር፣ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ ግን በዚያው ቀን ነው።